ለልጅ የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺ፦ ሥዕላዊ፣ እንግሊዝኛ–አማርኛ፣ እንግሊዝኛ–እንግሊዝኛ ወይስ ስልክ?

«የቱን መዝገበ ቃላት ልግዛለት?» የሚለው ጥያቄ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ከወላጆች አፍ አይጠፋም። የተለመደው መልስ «ትልቁን ግዛለት፣ ሲያድግም ይጠቀምበታል» ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት የተሰጠው የሦስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ቃል ሊፈልግ ገብቶ የማያውቃቸውን አምስት ቃላት ይዞ ይወጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከገጠመው መጽሐፉን ዳግም አይከፍተውም፤ «እንግሊዝኛ ከባድ ነው» የሚለው ስሜትም በዚያው ሥር ይሰዳል።

ምርጫው በሁለት ነገር ቢወሰን ይሻላል፦ ልጁ ዛሬ ምን ያህል እንግሊዝኛ ያውቃል? ያልገባው ቃልስ ምን ዓይነት ቃል ነው? ለ«ዝሆን» የሚበጀው ለ«ተስፋ» አይበጅም። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉ፣ በአማርኛ አፋቸውን ለፈቱ ልጆች በተለምዶ የሚቀርቡት አማራጮች አራት ናቸው። እያንዳንዱ የት እንደሚያዋጣና የት እንደሚያሳስት ከዚህ በታች አወዳድሬያለሁ። ልጁ አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከሆነ ስለ እንግሊዝኛ–አማርኛው የምለውን ሁሉ በዚያው ቋንቋ በተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ይተኩት።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በአዲስ አበባ ሽግግሩ ቀደም ብሎ ሰባተኛ ክፍል ላይ ሲደረግ ቆይቷል። ያን ጊዜ ልጁ የሚቸገረው በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሳይንሱም ሒሳቡም በማያውቀው ቃል ይመጣበታል። ቃል የሚጠራቀመው ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ነው።

ሥዕላዊ መዝገበ ቃላት

ልጅን በሥዕል ቃል ማስተማር የቆየ ሐሳብ ነው። የቼኩ መምህር ኮሜኒየስ ለሕፃናት የላቲን ማስተማሪያ የሚሆን ባለሥዕል መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1658 ነው። ሥዕሉ ከጎን፣ ስሙ ከጎን ማለት ነው። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የምናያቸው ሥዕላዊ መዝገበ ቃላት የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ሥዕል የሚታይና የሚዳሰስ ነገርን በመግለጽ የሚወዳደረው የለም። የእንስሳት፣ የፍራፍሬ፣ የቤት ዕቃ፣ የቀለምና የአካል ክፍል ስሞች በሥዕል ሲቀርቡ ልጁ ገና ማንበብ ሳይችል ይገቡታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅምም አለው፦ አማርኛ በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚጠራቸውን ነገሮች ይለያል። እኛ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ «እጅ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን «አርም» እና «ሃንድ» ብሎ ይከፍለዋል። «እግር»ም እንዲሁ «ሌግ» እና «ፉት» ይሆናል። የእጅ ጣት «ፊንገር»፣ የእግር ጣት «ቶ» ነው። በእጅ የሚታሰረው ሰዓት «ዋች»፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው «ክሎክ» ነው። «በረዶ» ደግሞ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውንም ያጠቃልላል፤ በእንግሊዝኛ ሦስቱም የየራሳቸው ስም አላቸው። በአማርኛ ፍቺ ብቻ የተማረ ልጅ እነዚህን ሲያምታታ ይኖራል። ቀስቱ የት ላይ እንዳረፈ በሥዕል ያየ ልጅ ግን ወዲያው ይለያቸዋል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። የሚሮጥ ልጅ ተሥሎ ሥሩ «ፋስት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ቃሉ ልጁን ይሁን ሩጫውን ወይስ ፍጥነቱን እንደሚገልጽ በምን ይታወቃል? «ኪፕ»፣ «ስቲል» (አሁንም፣ እስካሁን)፣ «ቢኮዝ» የሚሉትን መሣል ጨርሶ አይቻልም። ስለዚህ ሥዕላዊውን ግሥ እንዲያስተምርላችሁ አትጠብቁ፤ ስም ያስተምር፤ በዚያ በደንብ ይበቃል።

ስትመርጡ በፊደል ተራ ከተደረደረው ይልቅ በርዕስ የተከፋፈለውን፣ ማለትም ወጥ ቤት፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ አካል እያለ የሚሄደውን ውሰዱ። ልጁ አንድ ገጽ ገልጦ እርስ በርስ የሚገናኙ ቃላትን አንድ ላይ ያገኛል። ከውጭ የሚመጡት ላይ የጭስ ማውጫ ያለው ጣሪያና ከበረዶ የተሠራ ሰውዬ አለ፤ ጀበና፣ ምጣድ፣ ባጃጅ ግን የለም። ይህ መጽሐፉን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ በገጹ ዳር ላይ የራሳችሁን ቤት ዕቃ ከልጁ ጋር ሥላችሁ ስሙን ጻፉበት። በየመንገዱ የሚሸጡት የግድግዳ ፖስተሮች ርካሽ ናቸው፣ ለትንንሾቹም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የፊደል ግድፈት ያለባቸው አይጠፉምና ከመስቀላችሁ በፊት ቃል በቃል አንብቧቸው። ልጅ በየቀኑ ያየውን ግድፈት በኋላ ማስጣል ከባድ ነው።

እንግሊዝኛ–አማርኛ

ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላለ ልጅ ዋናው መጽሐፍ ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ መምህራን «አማርኛ ከገባበት በእንግሊዝኛ ማሰብ አይለምድም» ብለው ይከለክላሉ። ሐሳባቸው ለልጁ ከማሰብ የመነጨ መሆኑ አይካድም፤ ግን እስቲ «ሆፕ»፣ «ጄለስ»፣ «ፕሮሚስ» የሚሉትን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ አስረዱ። ልጁ ተስፋን፣ ቅናትን፣ ቃል መግባትን ያውቃል፤ ኖሮባቸዋል። የጎደለው ስማቸው ብቻ ነው። «ተስፋ» ሲባል በአንድ አፍታ የሚገባውን ነገር በአሥር ደቂቃ ግምት እንዲደርስበት ማስጨነቅ ጊዜውን ማባከን ነው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ስህተት ይሆናል።

አደጋው ያለው አንድ ቃል በአንድ ቃል ብቻ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ላይ ነው። «ላይት» የሚለውን «ብርሃን» ብሎ የሚያልፍ ካለ፣ ልጁ «ሳጥኑ ላይት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው ሳጥኑ የሚያበራ ይመስለዋል፤ «ቀላል፣ የማይከብድ» የሚለው ሁለተኛው ፍቺ ያስፈልገዋል። «ራይት» ቀኝም፣ ትክክልም፣ መብትም ነው። «ዌር» ደግሞ ለእኛ ልጆች የተለየ ነገር አለው። አማርኛ ልብስ ይለብሳል፣ ጫማ ይጫማል ወይም ያደርጋል፣ ቀለበት ያጠልቃል፣ ነጠላ ያጣፋል፣ መነጽር ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዌር» ይላል። መዝገበ ቃላቱ «ለበሰ» ብቻ ካለ ልጁ ለባርኔጣና ለመነጽር ሌላ ቃል ሲፈልግ ይውላል።

ስለዚህ ስትገዙ የምታዩት የቃላቱን ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ ቃል እንዴት እንደተፈታ ነው። ፍቺዎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብለው በቁጥር ተለይተዋል? ቃሉ ስም ይሁን ግሥ ወይም ቅጽል ተጠቁሟል? ቢያንስ ለዋና ዋናዎቹ ቃላት አጭር የምሳሌ ዓረፍተ ነገር አለ? «ጎ» ኃላፊ ጊዜው «ወንት» እንደሚሆን ያሳያል? አራቱንም የሚያሟላ ትንሽ መጽሐፍ ሦስቱ ከሚጎድሉት ወፍራም መጽሐፍ እጅግ ይበልጣል።

የታተመበትንም ዘመን ተመልከቱ። ስሙ በሰፊው የሚታወቀው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዕድሜው የመሠረታዊ ቃላትን ፍቺ አያበላሽም፤ ውሃ ያኔም ውሃ ነው። ስለ ኢንተርኔትና ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ቃላት ግን ከዚያ ዘመን መጽሐፍ መልስ መጠበቅ አይቻልም።

አንዳንዴ ደግሞ አማርኛው ራሱ ለልጁ አዲስ ይሆንበታል። «ኦርቢት» የሚለውን አይቶ «ምህዋር» የሚል ፍቺ ያገኘ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ የማያውቀውን ቃል በሌላ የማያውቀው ቃል ተካ እንጂ ምንም አልገባውም። እዚህ ላይ አዋቂ ያስፈልጋል፤ መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ መሆኑን በጣት እያዞሩ ማሳየት።

ስለ አነባበብ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ መጻሕፍት የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን ይጽፋሉ። ለመነሻ ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይታመንም። ምላስ በጥርስ መሐል ወጥቶ የሚባለው ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ «ዝ» ወይም «ስ» ተብሎ ይጻፋል፤ ልጁም እንደተጻፈው ይለዋል። መርከብና በግ የሚባሉት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በአናባቢያቸው ርዝመትና ቅላጼ ይለያያሉ፤ በፊደላችን ግን ሁለቱም «ሺፕ» ሆነው ሊጻፉ ይችላሉ። ድምፁን ከሰው አፍ ወይም ከስልክ መስማት ግድ ነው።

በእንግሊዝኛ የሚፈታው

እዚህ ላይ ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱበት አንድ ልዩነት አለ። በእንግሊዝኛ የሚፈቱ መዝገበ ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው የተዘጋጁና ቋንቋውን ለሚማር ሰው የተዘጋጁ። በአሮጌ መጻሕፍት ተራ ርካሽ ሆነው የሚገኙት ወፋፍራሞቹ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ለእኛ ልጆች የሚሆኑት ሽፋናቸው ላይ «ለርነርስ» የሚል ቃል ያለባቸው ናቸው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ማይክል ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ በቤንጋል ሲያስተምር የተማሪዎቹን ችግር አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ከባልደረባው ጋር ባወጣው መዝገበ ቃላት ውስጥ ሁሉንም ቃላት በ1,490 ቀላል ቃላት ብቻ ፈታቸው። እነዚያን ያወቀ ተማሪ ቀሪውን ሁሉ ማንበብ ይችላል ማለት ነው። ሎንግማን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ለፍቺ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ወደ 2,000 ገደማ ወሰነ። ኮቢልድ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ፍቺውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ መምህር ሰሌዳ ላይ ቆሞ እንደሚያስረዳው አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ለልጅ ጆሮ ይህ ይስማማል።

ከዚህ የሚወጣው መመዘኛ ቀላል ነው። ልጁ እነዚያን ሁለት ሺህ ያህል መሠረታዊ ቃላት ካላወቀ በእንግሊዝኛ የሚፈታ መጽሐፍ አይረዳውም። «ካው» የሚለውን ቢፈልግ ወተትና ሥጋ ለማግኘት በእርሻ ላይ የሚረባ ትልቅ እንስሳ መሆኑን የሚገልጽ ፍቺ ያገኛል፤ ላምን ያወቀ ልጅ «እርሻ» እና «ማርባት» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ላያውቅ ይችላል። ለዚህ ቃል አንድ ሥዕል ወይም «ላም» የሚል አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

ቃላቱን ካጠራቀመ በኋላ ግን፣ ለብዙ ልጆች ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል አካባቢ፣ ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ሌሎቹ የማይሰጡትን ይሰጣል፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ያሳያል። በአማርኛ ሥራም «ይሠራል»፣ ስህተትም «ይሠራል»፤ እንግሊዝኛ ግን የቤት ሥራን በ«ዱ»፣ ስህተትን በ«ሜክ» ይላል። «ኢንፎርሜሽን» የብዙ ቁጥር «ኤስ» እንደማይጨመርበት የሚነግረውም ይህ መጽሐፍ ነው። ልጁ ድርሰት መጻፍ ሲጀምር ይህን የሚያህል ረዳት የለውም።

ለሳይንስና ለሒሳብ ቃላት ግን ከሁሉም በፊት የሚከፈተው የመማሪያ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው የቃላት መፍቻ ነው። «ቴብል» በቤት ጠረጴዛ፣ በሒሳብ ሰንጠረዥ ነው። «ሶሉሽን» በወሬ መፍትሔ፣ በኬሚስትሪ ሙሙት ነው። «ሴል» በባዮሎጂ ህዋስ፣ በሬዲዮ ውስጥ ባትሪ ድንጋይ ነው። አብዛኛው አጠቃላይ መዝገበ ቃላት ከፊት የሚያስቀምጠው የተለመደውን ፍቺ ስለሆነ፣ ልጁ የመጀመሪያውን አይቶ ከቆመ ለፈተናው የተሳሳተውን ያጠናል። «እስከ ታች አንብብ» ማለትን አትርሱ።

ስልክ

የስልክ ትልቁ ጥቅም ድምፁ ነው። ካምብሪጅና ኦክስፎርድ ለተማሪዎች ያዘጋጇቸው መዝገበ ቃላት በድረ ገጻቸው በነፃ ይገኛሉ፤ አንድ ቃል በእንግሊዝና በአሜሪካ አነጋገር እንዴት እንደሚባል ተጭኖ መስማት ይቻላል። ይህን ወረቀት አይሰጥም። ልጁ የሰባት ዓመትም ይሁን የአሥራ አራት፣ ለአነባበብ ስልኩን ተጠቀሙ።

ለፍቺ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ተሻሽሏል። ሆኖም ነጠላ ቃል ሲሰጠው የትኛውን ፍቺ እንደምትፈልጉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ስፕሪንግ» ብሎ የጻፈ ልጅ ወቅቱን ሊያገኝ ይችላል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ግን ሴትየዋ ውሃ የቀዳችበት ምንጭ ነው። መድኃኒቱ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ቃላት ይመሩታል። ለትንንሾቹ ይህን የሚያደርገው ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም፣ እህት ቢሆን ይሻላል።

በስልክ ላይ የሚጫኑት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መተግበሪያዎች ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የዳታ ወጪ አያስወጡም። ጥራታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አዘጋጁ ማን እንደሆነ የማይገልጽ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ የሚሰጥ፣ በየመሐሉ ማስታወቂያ የሚያፈናጥቅ ከሆነ ለልጅ አትስጡት። ሌላው ችግር ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ቃል ሊፈልግ የከፈተው ስልክ ቪዲዮ ላይ ያድራል። ቃላቱን ቀኑን ሙሉ በደብተር እየመዘገበ ቆይቶ ማታ አንድ ላይ በስልክ ቢሰማቸው ጊዜም ትኩረትም ይተርፋል።

በቅርቡ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ለሄደ ልጅ ሚዛኑ ትንሽ ይቀየራል። የጨዋታውን እንግሊዝኛ ከእኩዮቹ በፍጥነት ይለምዳል፤ የሚያስቸግረው የመማሪያ መጽሐፉ ቃል ነው። ለእሱ በአማርኛ የተማረውን የሳይንስ ቃል ከእንግሊዝኛው ጋር የሚያገናኝለት ባለሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ከኢትዮጵያ ይዞ መሄድ ትልቅ ስንቅ ነው፤ እዚያ እንደልብ አይገኝም።

መደብር ውስጥ ቆማችሁ

ሻጩ «ይሄ ነው ጥሩው» ቢላችሁም አምስት ቃላት ይዛችሁ ሂዱ። አንድ የእንስሳ ስም፣ አንድ የተለመደ ግሥ ለምሳሌ «ቴክ»፣ ብዙ ፍቺ ያለው አንድ ቃል ለምሳሌ «ላይት»፣ እንደ «ስቲል» ያለ አንድ ትንሽ ቃል፣ እና አንድ ልጁ ትናንት ከመማሪያ መጽሐፉ ያልገባው ቃል። አምስቱንም ፈልጉ፤ የሚቻል ከሆነ ልጁ ራሱ ይፈልጋቸው። ሦስቱን አግኝቶ ገብቶት ለእናንተ በራሱ አነጋገር ካስረዳችሁ መጽሐፉ ለእሱ ደረጃ ነው። ፍቺውን አንብቦ ዝም ካለ፣ ምንም ያህል ቢወደስ ገና ነው።

አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ቤተሰብ፦ ልጁ ማንበብ ካልጀመረ ሥዕላዊውን፤ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከሆነ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው መካከለኛ እንግሊዝኛ–አማርኛ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝኛ–አማርኛው ቤት ካለ የተማሪዎቹን እንግሊዝኛ–እንግሊዝኛ፣ ከሌለ አሁንም እንግሊዝኛ–አማርኛውን። ሁለት መግዛት የሚችል ሥዕላዊውንና እንግሊዝኛ–አማርኛውን አንድ ላይ ይውሰድ፤ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላል። ምንም መግዛት ለማይችል አንድ ደብተር ይበቃል፦ ቃሉ፣ ፍቺው፣ ልጁ ራሱ የሠራው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሊሣል የሚችል ከሆነ ትንሽ ሥዕል። ይህ ደብተር መጽሐፍ የተገዛለትም ልጅ ቢኖረው እመክራለሁ፤ ልጁ ዓረፍተ ነገር የሠራበት ቃል አይጠፋበትም።

ፎቶ ኮፒ ሆነው የተጠረዙ መዝገበ ቃላት ላይ ደግሞ ሌላ ፍተሻ ጨምሩ። ጽሑፉ ደቆ ወይም ደብዝዞ ልጁ በማታ መብራት የማያነበው ከሆነ ርካሽነቱ አይጠቅምም። ገጾች ከመሐል ሊጎድሉ ስለሚችሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ኤም» እና «ፒ» አካባቢ ገልጣችሁ የገጽ ቁጥሮቹ ተከታትለው መሄዳቸውን እዩ።